እትዬ ሃሎና ሰባተኛው ጥያቄ

«እትዬ ሃሎ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ የለም። ስልክ ቤት ሠላሳ ዓመት ገደማ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲያ በር ሲንኳኳም፣ ሰው ከኋላ ሲጠራቸውም፣ ሐኪም ደረታቸውን ሲያዳምጥም መልሳቸው «ሃሎ» ነው። እውነተኛ ስማቸውን እኔ የማየው መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ሲያመጡልኝ ብቻ ነው። ሱቄ እሳቸው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ስለሆነ ሲወጡም ሲገቡም በእኔ በር ነው የሚያልፉት።

ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ለምን እንዳላገቡ ሲጠየቁ ጊዜ አልነበረኝም ይላሉ። የፎቁ ሴቶች ደግሞ ለመጣው ወንድ ሁሉ «መስመሩ ተይዟል» ስለሚሉ ነው ይላሉ። እሳቸው በዚህ አይቀየሙም። የሚቀየሙት ወሬ ሲጨመርበት ነው። ስልክ ቤት ሳሉ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሰውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስ ነበር፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ይህን አመል አልተዉትም። አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ «አኩርፌያለሁ በይልኝ» ብላ ብትልካቸው፣ ሄደው «አኩርፋለች» ይሏታል፤ ለማስታረቅ ብለው አንዲት ቃል አይሸርፉም። በዚህ ጠባያቸው ስንት ጠብ እንደተራዘመ እግዜር ይወቀው።

እህታቸው ስትሞት ሰባት ዓመት የሞላውን ልጇን ወስደው አሳደጉ። ልጁ ሲያድግ ወደ ላይ ብቻ አደገና ሰፈሩ «ሸምበቆ» አለው። ሸምበቆ እስከ አስራ ስምንት ዓመቱ ድረስ ማንም ስለ እሱ የሚያወራው ነገር አልነበረውም። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሰፈሩ ጎማ ቤት ጀርባ ከሚሰበሰቡት ልጆች ጋር ክኒን መዋጥ ጀመረ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ቀጥሎ ለእንቅልፍ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። ከአክስቱ ቤት ሰዓት ወጣ፣ የብረት ካውያ ወጣ፣ በመጨረሻ ማታ ማታ የሚያዳምጧት ሬዲዮ ወጣች። አንድ ጠዋት ደረጃው ሥር ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘነው። በሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ፋርማሲስትና እኔ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ፤ ግን መዳኑ እንደ መታመሙ ፈጣን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሃሎ የልጁን ሕይወት በእጃቸው አደረጉት። ኪሱን ይፈትሻሉ፤ ጫማውን አራግፈው ያያሉ። ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ፀጉሩን የት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ ፀጉሩ እንዴት እንዲሆን እንደሚፈልግ ፀጉር ቆራጩ የሚጠይቀው አክስቱን ነበር። ሸምበቆ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ምን ይበል? ያጠፋ ሰው አፍ የለውም።

ከእሱ በኋላ ሁለት የፎቁ ልጆች በዚያው መንገድ ሲሄዱ ሰፈሩ ደነገጠ። ከፎቁ ምድር ቤት ውስጥ ዱሮ የውሃ ፓምፕ የነበረበት፣ ኋላ የአሮጌ በርና የተሰባበረ ወንበር ማጠራቀሚያ የሆነ ክፍል አለ። ተሰብስበን አጸዳነው። ግድግዳው ላይ የቀረውን የዘይት ጥላሸት ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባንበት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ ብቅ አለ። አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ አራት ክር የቀረው ጊታር፣ ጥቂት መጻሕፍት ገቡ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚያ እንዲሆኑ ተባለ። የሚቆጣጠራቸው ሰው ሲፈለግ እትዬ ሃሎ «የእኔው ይዋል» አሉ፤ ሸምበቆም ዋለ።

ይህ ነገር ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጆቹ ግን ወደዱት፤ ምክር ስለማይሰጥ ነው። ከጠየቁት የደረሰበትን ይነግራቸዋል፤ ካልጠየቁት ኳሱን ይመታል። እሱም እዚያ መዋል ከጀመረ ወዲህ ክኒን አፉ አልገባም። ክፍሉ ልጆቹን ከሚጠብቀው በላይ እሱን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት አክስቱ ናቸው። ችግሩ ደመወዝ የሌለው መሆኑ ነው። ዘላለም በአክስት ጡረታ እየበሉ ቴኒስ መጫወት አይቻልም፤ ሥራ ፍለጋ ሌላ ቦታ ከሄደ ደግሞ ክፍሉ ይዘጋል፣ እሱም ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም።

በዚህ መሐል ነው ወጣቶችን ከሱስ ለመከላከል ለተደራጁ የማኅበረሰብ ጥምረቶች ገንዘብ የሚሰጥ ፈንድ ማስታወቂያ ያወጣው። እስከዚያ ድረስ ጥምረት መሆናችንን አናውቅም ነበር፤ ጎረቤት ነን ብለን ነበር የምናስበው። ጥምረት ለመባል ከየዘርፉ አንድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ፋርማሲስቱ ጤና ሆነ። የሳይንስ አስተማሪው ትምህርት ሆነ። ጡረታ የወጣው ፖሊስ ሕግ ሆነ። የጎማ ቤቱ ባለቤት የንግዱ ማኅበረሰብ ተባለ፤ ያ ሁሉ ክኒን ሲዋጥ የከረመው ከእሱ ጀርባ መሆኑን ያነሳበት ሰው የለም። እኔ ሚዲያ ሆንኩ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስላለኝ ነው። እትዬ ሃሎ ወላጅም ጸሐፊም ሆኑ። ሸምበቆ ወጣት ተባለ፤ ገንዘቡ ከተገኘ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ደመወዝ ይቆረጥለታል።

ፈንዱ መጀመሪያ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲጠየቁ አዘዘና የራሱን መጠይቅ ላከልን። መጠይቁ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ የተረጎመው ሰው ልጅ አናግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰባተኛው ጥያቄ «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ ንጥረ ነገር ተጠቅመው ያውቃሉ?» ይላል። ክኒኑንም መጠጡንም ሲጋራውንም ባንድ ቃል ለመጠቅለል አስቦ መሆን አለበት። ያን ሁሉ ወረቀት ያባዛሁት እኔ ነኝ። አላነበብኩትም። ኮፒ የሚያደርግ ሰው የሚያነብ ከሆነ ወረፋው አያልቅም።

እንግዲህ ልጆቹ በዚያው ሰሞን ከሳይንስ አስተማሪያቸው ጋር ስለ ምግብ የሚያወራውን ምዕራፍ ጨርሰው ነበር። ፕሮቲን ንጥረ ነገር ነው፤ ቫይታሚን ንጥረ ነገር ነው፤ ንጥረ ነገር በየቀኑ ያላገኘ ልጅ አያድግም፣ አጥንቱም ይጣመማል ተብለዋል። መጠይቁ ሲመጣ ፈተና መሰላቸው። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ «አዎ» አሉ። ቀሪዎቹ አራቱ ያን ምዕራፍ ሲማሩ ከክፍል የቀሩ መሆን አለባቸው።

ውጤቱን የደመረው ፋርማሲስት ፊቱ ዓመድ መሰለ። ፖሊሱ ድሮውንም ጠርጥሬ ነበር አለ። እኛም አመንን፤ ሰው ስለ ሌላው ሰው ልጅ ክፉ ነገር ሲሰማ ለማመን አይዘገይም። ውጤቱ ተላከ። ፈንዱ እስካሁን ከቀረቡለት ሁሉ ይህን ያህል ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ እንደማያውቅ ገልጾ፣ ገበናችንን ሳንሸፍን በማቅረባችን ድፍረታችንን አመሰገነ፤ የአንድ ዓመት ድጋፍም ፈቀደልን። ውጤት ካሳያችሁ ለሦስት ዓመት ይራዘማል አለ።

ክፍሉ መብራት ገባለት፤ ጊታሩ ክሩ ተሟላ፤ የምክር ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ጀመረች። ሸምበቆ በመጀመሪያ ደመወዙ ለአክስቱ ሬዲዮ ገዛላቸው። እሳቸው ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠው ብዙ ቀን ሳይከፍቱት ቆዩ። ሲያዩት ያለቅሱ ነበር፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ አላፈሩበትም።

ነገሩ የተገለጠው ገንዘቡ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ፣ ያ መጠይቅ ስለ ቫይታሚን የጠየቀን ለምንድን ነው፣ ማርክ ይያዝበታል ወይ ብላ አስተማሪውን ጠየቀችው። አስተማሪው ሱቄ መጣና በሩን ዘግቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመ።

ማታውኑ ተሰበሰብን። የጎማ ቤቱ ባለቤት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለ። ፋርማሲስቱ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ ጀመረና፣ እያደር ከሆነ ደግሞ ዛሬ መቸኮል አያስፈልግም ብሎ ጨረሰው። እኔም ዝም እንበል አልኩ። የተሳሳትነው እኛ አይደለንም፤ ቃሉን ያመጡት እነሱ ናቸው። ልጆቹ ክፍሉ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ውሸት አይደለም። አሁንም ይህንኑ ነው የምለው። እትዬ ሃሎ ሁላችንንም ሰምተው «መስመሩ ተሳስቷል» አሉና እጃቸውን ለአንዱም ሳያወጡ ተነሥተው ሄዱ።

ግን እሳቸውም ዝም አሉ። የሰውን ቃል ሸርፈው የማያውቁ ሴት ያን ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ከረሙ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም። ልጁ ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ተኩሶ ሲወጣ በመስኮት ያዩታል። እሳቸው ግን እየከሱ ሄዱ፤ ደረጃ ሲወጡ ማረፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ሱቄ ገብተው ምንም ኮፒ ሳያስደርጉ ተቀምጠው ሄዱ።

ዓመቱ ሲያልቅ መጠይቁ በድጋሚ መሞላት ነበረበት። በዚያው ቃል ከጠየቅን ልጆቹ ቫይታሚን አልተዉምና ዘጠና ስድስቱ እዚያው ይቀራል፤ ምንም አልሠራችሁም ተብለን እንባረራለን። ቃሉን ካስተካከልን ደግሞ ቁጥሩ ከሰማይ ይወድቃል። ተመካከርንና አስተካከልነው። «ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ክኒን ወይም የሚሸተት ሙጫ» ብለን በሰው ቋንቋ ጠየቅን። ከመቶው አስራ አንዱ «አዎ» አሉ።

ከፈንዱ ገምጋሚ መጣች። ገና ወጣት፣ ትሁት፣ የተነገራትን ሁሉ የምትጽፍ ሴት ናት። ስብሰባው እዚያው ምድር ቤት ሆነ። ሸምበቆ ውሃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ገምጋሚዋ ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግማ አየቻቸውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ድጋፉ ለሦስት ዓመት መራዘሙ አያጠራጥርም፤ ከዚያም በላይ እኛ የሠራነው ሁሉ ተጽፎ ለሌሎች ሰፈሮች እንዲሰጥ ታደርጋለች፤ እነሱም በእኛ መንገድ ይሄዳሉ። የጎማ ቤቱ ባለቤት ሊያመሰግን ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ ሃሎ ቀደሙት።

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፣ ላቋርጥሽ። ያ ዘጠና ስድስቱ የምግብ ነው።»

ገምጋሚዋ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እትዬ ሃሎ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት፤ ስለ ምዕራፉ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ልጅቷ ጥያቄ። ሁላችንም ማወቃችንን፣ እሳቸውም ማወቃቸውን አልዘለሉም። ከእኛ መሐል ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከመጀመሪያው አስራ አንድ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ለድጋፉ አትበቁም ነበር አለች፤ ፈንዱ ከሠላሳ በታች አይቀበልም።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ሃሎ።

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?»

«ሌላ ሰፈር ልትወስጂው ነዋ። እዚያም ልጆች አሉ። እኛ ያላደረግነውን አደረጉ ብለሽ ስትሰጫቸው፣ አልሠራ ሲላቸው በራሳቸው ነው የሚፈርዱት።»

ገምጋሚዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ብዙ ከማውራት ተቆጥባ፣ የሰማችውን ለአለቆቿ መናገር ግዴታዋ መሆኑን ብቻ አስረዳችና የሁላችንንም እጅ ጨብጣ ሄደች። ሸምበቆ የውሃ ጠርሙሶቹን ታቅፎ ሲመለስ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። እንግዳዋ ቸኩላ ነው አልነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈንዱ ደወለ። ስልኩን ያነሡት እትዬ ሃሎ ናቸው። የተሰጠው ገንዘብ አይመለስም፤ የሚጨመርም የለም፤ የሸምበቆ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይቆማል። እትዬ ሃሎ አመስግነው ዘጉ።

የጎማ ቤቱ ባለቤት ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም አለ። ፖሊሱም ከጥምረቱ ወጣ፤ ሕግ የሌለው ጥምረት ሆነን ቀረን። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ብዙ ተናድጄ ነበር። እውነት ዓመት የቆየች ሌላ ሦስት ዓመት ብትቆይ ምን ነበረበት? ልጁን ከደረጃ ሥር ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከንፈሩ ምን ይመስል እንደነበር አልረሳሁም፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እሳቸው አልተከራከሩኝም።

«እሱ ገና አልሰማም» አሉኝ። «አብረኸኝ ውረድ።»

መፍራታቸውን ከእጃቸው አየሁ፤ የደረጃውን ብረት ጨብጠው ነበር የሚወርዱት። ልጆቹ ገና አልመጡም። ሸምበቆ የቴኒሱን መረብ እያጠበቀ ነበር። እትዬ ሃሎ ሳይቀመጡ ነገሩት፤ በስልኩ የተባሉትን ቃል በቃል።

«ማን ነገራቸው?» አለ።

«እኔ።»

«መቼ?»

«ሴትዮዋ የመጣች ዕለት።»

«ውሃ ልገዛ የወጣሁ ጊዜ።»

«አዎ።»

የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ለመውጣት ወደ በሩ አየሁ፤ እትዬ ሃሎ ክንዴን ያዙኝ። ልጁ ይጮኻል፣ አንድ ነገር ይሰብራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው ነበር።

«አክስቴ፣ እኔን ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅህ ምን ትል ነበር?»

«ንገሪያት ነበር የምልሽ።» መረቡን ለቀቀው። «እዚህ የሚመጡት ልጆች ክኒን ውጠሃል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይዋሻሉ። እኔም እንዲሁ ስዋሽ ስለነበር አልቆጣቸውም፤ እውነቱን እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ። እኔ ዓመት ሙሉ በቫይታሚን ደመወዝ እየበላሁ ምን ብዬ ነው የምጠብቃቸው? ንገሪያት እልሽ ነበር። ራሴም እነግራት ነበር። አሁን ግን የአንቺ ሥራ ሆነ። እኔ ደመወዝ የቆመበት ሰው ብቻ ነኝ።»

ለካ እሱም ያውቅ ነበር። ምድር ቤት ከልጆች ጋር ውሎ እንዴት አይሰማ? ከመሐላችን ልንጠይቀው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ በወረቀቱ ላይ ወጣት ተብሎ የተጻፈው ግን እሱ ነበር።

«ወደ ክኒኑ ትመለስብኛለህ ብዬ ነው» አሉ እትዬ ሃሎ። «ዓመቱን ሁሉ ዝም ያልኩት ይህን ፈርቼ ነው። ስናገርም ይህንኑ እየፈራሁ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ።»

እትዬ ሃሎ ያን ጊዜ አለቀሱ። ክንዴን ስላለቀቁኝ እንባቸውን በሌላው እጃቸው ነበር የሚጠርጉት። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሸምበቆ ተነሥቶ ወንበር አመጣላቸውና አስቀመጣቸው፤ እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ወለል ላይ ተቀምጦም ቁመታቸው ሊተካከል ምንም አልቀረው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉት።

ይህን ጥያቄ ለእሱ ሲያቀርቡ ሰምቼ አላውቅም።

«ከተማው ዳር ካለው መጋዘን ሰው እንፈልጋለን ብለውኛል» አለ። «ዕቃ መጫንና ማውረድ ነው። ማደሪያውም እዚያው ነው፤ ከሌሎች ልጆች ጋር። ቅዳሜና እሑድ መጥቼ ይህን እከፍታለሁ።»

ማደሪያው እዚያው። ከማያውቋቸው ልጆች ጋር። ኪሱን የሚፈትሽ የለ፣ ጫማውን የሚያራግፍ የለ፣ ማታ መግባቱን በር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ የለ። እትዬ ሃሎ አፋቸውን ከፈቱ። ሊወጣ የነበረውን ቃል እኔም አውቀዋለሁ፣ ልጁም ያውቀዋል፤ አንገቱን መድፋት ጀምሮ ነበር። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት።

ይህን ቃል ሰው የሚለው ሲቆጣና ከነገሩ እጁን ሲያወጣ ነው። እሳቸው አልተቆጡም ነበር። ልጁ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፤ እስኪያምን ድረስ አየ።